ሌዘር ከመግዛትህ በፊት ፕላስቲኩን እወቀው

ጥያቄው የመጣው ከሐዋሳ ነው። ጠያቂው በቅርቡ አነስተኛ የማስታወቂያ ሥራ ቤት ከፍቷል። እጁ ላይ ያለው ጂግሶ (ምላጩ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስ የእጅ መጋዝ) እና ግራይንደር ነው። «ጋሼ፣ 5 ሚሊ አክሪሊክ በጂግሶ ስቆርጥ ምላጩ ካለፈ በኋላ ተመልሶ ይጣበቅብኛል። በግራይንደር ስሞክር ደግሞ ጠርዙ ይሸራረፋል። ጓደኞቼ ሌዘር ግዛና ተገላገል ይሉኛል። ፎሬክስም ፖሊካርቦኔትም ስለምሠራ ሁሉንም በአንድ ማሽን ብጨርስ ደስ ይለኛል። ሌዘር ይሻለኛል ወይስ ሲኤንሲ?» ይላል። ሲኤንሲ የሚለው በኮምፒውተር እየተመራ በሚሽከረከር መቁረጫ (ቢት) የሚቆርጠውን ማሽን ነው።

ወንድሜ፣ ከጠራኻቸው ሦስት ፕላስቲኮች ለሌዘር የሚሆነው አክሪሊኩ ብቻ ነው። አንዱን ደግሞ ጭራሽ ወደ ሌዘር ማስጠጋት የለብህም። ከእሱ ልጀምር።

ፎሬክስ የምንለው አረፋ የሆነ ፒቪሲ ነው። ፒቪሲ ውስጥ ክሎሪን አለ። ሌዘር ሲያቃጥለው ሃይድሮጅን ክሎራይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ እርጥበት ሲያገኝ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይሆናል። እርጥበት ደግሞ የትም አለ፤ አየሩ ላይ፣ ዓይንህ ላይ፣ ሳንባህ ውስጥ። የማሽኑ ሐዲድ ይዝጋል፣ መስታወቱና ሌንሱ ይበላሻሉ። «ትንሽ ቁራጭ ናት፣ መስኮት እከፍታለሁ» የሚል ሰው አይጠፋም። መስኮቱ አንተንም ማሽኑንም አያድንም። ስቲከር ቪኒልም ያው ፒቪሲ ነው፤ አክሪሊክ ላይ ተለጥፎ ከመጣ መጀመሪያ ላጠው።

ከመርካቶ ቁርጥራጭ ገዝተህ ምን እንደሆነ ሳታውቅ ስትቀር በመዳብ ሽቦ መፈተን ትችላለህ። ከኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ አንድ ሽቦ አውጣ። በፒንሳ ያዝና ከቤት ውጭ በቡታጋዝ እሳት አግለው። ነበልባሉ ላይ ምንም የተለየ ቀለም እስከማይታይ ድረስ ጠብቅ። ከዚያ ሽቦው እንደጋለ ፕላስቲኩን ንካው፤ ትንሽ ቀልጦ ይያዝለታል። ሽቦውን ወደ እሳቱ መልሰው። ነበልባሉ ደመቅ ያለ አረንጓዴ ከሆነ ክሎሪን አለበት ማለት ነው፤ ሌዘር እንዳይነካው። ጢሱን ግን አትማገው፣ ራቅ ብለህ ሥራ።

ለፎሬክስ ሌዘርም ሲኤንሲም ባይኖርህ ምንም አይቀርብህም። 3 ሚሊውን በአዲስ የከተር ምላጭና በብረት ማስመሪያ ሁለት ሦስቴ ስትመላለስበት ያልቃል። 5 ሚሊውም ትንሽ ትዕግሥት ነው የሚፈልገው። በአንድ ጊዜ ጨክነህ አትጫን፤ ምላጩ ይጣመምና የታችኛው ጠርዝ ከላይኛው ጋር አይገጥምም። 10 ሚሊና ከዚያ በላይ ሲሆን ወደ መጋዝ ሂድ።

ፖሊካርቦኔት ሌላ ባሕርይ አለው። ጠንካራ ነው፣ ቢመታም በቀላሉ አይሰነጠቅም። ሌዘር ላይ ግን ይቃጠላል፤ ጠርዙ ቢጫና ጥቁር ሆኖ ይወጣል። እንደ አክሪሊክ ጭረህ ልስበረው ብትልም ይተጣጠፋል እንጂ አይሰበርም። የእሱ መድኃኒት መጋዝ ወይም ራውተር (በፍጥነት በሚሽከረከር ቢት የሚቆርጥ መሣሪያ) ነው።

አሁን ወደ አክሪሊኩ። ጂግሶህ ላይ ተመልሶ የሚጣበቀው ስለሚግል ነው። አክሪሊክ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ጀምሮ ይለሰልሳል። ምላጩ በፍጥነት እየተመላለሰ ሳይቆርጥ ሲያሽ፣ እዚያች ጠባብ መስመር ውስጥ ሙቀቱ ቶሎ ይደርሳል። የቀለጠው ከኋላ ይገናኛል፣ ሲቀዘቅዝ ብየዳ ይሆናል። በፋብሪካ ተገፍቶ የሚወጣው አክሪሊክ ደግሞ በሻጋታ ፈስሶ ከሚሠራው ቶሎ ስለሚለሰልስ ችግሩ ይብስበታል። ስትገዛ የትኛው እንደሆነ ጠይቅ።

የጂግሶውን ፍጥነት ከግማሽ በታች አድርገው። ምላጩን ወደፊት የሚያወዛውዘውን ማርሽ ዜሮ ላይ አድርገው። በጣም ደቃቅ ጥርስ ያለው የብረት ምላጭ በፕላስቲክ ይሞላና ያቀልጣል፤ የእንጨት ሻካራው ደግሞ ይሸርፋል። በጥርስና በጥርስ መካከል ወደ 2 ሚሊ ያለው ለ5 ሚሊ አክሪሊክ ይመቻል። ከዚያ የሚወጣውን ብናኝ በጣትህ ያዝና እየው። እንደ ትንንሽ ቅርፊት ከሆነና ከቀዘቀዘ ትክክል ነህ። ክር ክር እያለ ምላጩ ላይ ከተጠመጠመ ግሎብሃል። ያኔ ፍጥነቱን ቀንስ፣ ግን መግፋትህን አታቁም። ብዙ ሰው ሲቀልጥበት ደንግጦ አገፋፉን ያዘገየዋል። ምላጩ አንድ ቦታ በቆየ ቁጥር ግን ይብስበታል።

የመሸራረፉ ነገር ባብዛኛው ከመንቀጥቀጥ ነው። ሺቱ ከጠረጴዛው ውጭ ተንጠልጥሎ ከቆረጥከው ይርገበገባል። ከሥር ቁራጭ ፕላይውድ አስገባና በመስመሩ አቅራቢያ በክላምፕ ጥብቅ አድርገህ እሰር። መሸፈኛ ፊልሙን ሥራው ሳያልቅ አትላጥ።

ግራይንደሩን ለብረት ተወው። የብረት ድንጋዩ ፕላስቲክን ያቀልጣል እንጂ አይቆርጥም። ይባስ ብለው የእንጨት መጋዝ ምላጭ ግራይንደር ላይ የሚያስሩ አሉ። ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ያህል ይዞራል፤ ምላጩ ሲይዝ ከእጅህ ያመልጣል። ይህን እንኳን ለፕላስቲክ ለእንጨትም አታድርገው።

እስከ 3 ሚሊ ያለውንና ቀጥ ያለውን የአክሪሊክ ሥራ ያለ መብራት ትጨርሰዋለህ። ከአሮጌ የሰጌቶ ምላጭ ጫፉን መንጠቆ አስመስለህ ስለህ መጫሪያ ሥራ። በብረት ማስመሪያ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ወደ አንተ እየጎተትህ ጫር። የሺቱን ውፍረት አንድ ሦስተኛ እስኪበላ ድረስ ቀጥል። ከዚያ ጭረቱን ወደ ላይ አድርገህ በጠረጴዛው ጠርዝ ልክ አስቀምጥና በአንድ ጊዜ ወደ ታች ስበረው። ጭረቱ ጫፍ ሳይደርስ ካቆምክ ስብራቱ እዚያ ጋ መንገዱን ይስታል። 5 ሚሊውን በዚህ መንገድ አልመክርህም፤ አንዳንዴ ይሳካል፣ አንዳንዴ ሺት ያባክናል።

ታዲያ ምን ልግዛ ካልከኝ፣ እኔ ባንተ ቦታ መጀመሪያ የምገዛው የጠረጴዛ መጋዝ ነው። ሦስቱንም ፕላስቲክ ቀጥ አድርጎ ይቆርጣል። ገንዘቡን ምላጩ ላይ አታሳሳ፤ 250 ሚሊ ዲያሜትር፣ 80 ጥርስ፣ ጫፉ ካርባይድ የሆነ ይሁን። ሻጩ ለፕላስቲክና ለአሉሚኒየም የሚለውን አምጣ በለው። ምላጩን ከሺቱ በላይ ጥቂት ሚሊ ብቻ አውጣው።

ለቅርጽና ለፊደል የእጅ ራውተር ጨምር፣ ሥራው ሲበዛ ሲኤንሲ ይተካዋል። ሲኤንሲ ላይ ለፕላስቲክ አንድ ጥርስ ያለው ቢት ተጠቀም። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ጥርሱ በእያንዳንዱ ዙር 0.1 ሚሊ ያህል እንዲነክስ እንፈልጋለን። ቢቱ በደቂቃ 18,000 ከዞረ ማሽኑ በደቂቃ 1,800 ሚሊ መሄድ አለበት። ባለ ሁለት ጥርስ ቢት በዚያው ዙር 3,600 ይፈልጋል፤ ትንሽ ማሽን ይህን ያህል ስትገፋው ይንቀጠቀጣል። አንድ ጥርስ ያልኩህ ለዚህ ነው።

ሌዘሩን ለጊዜው አስቆርጥ እንጂ አትግዛ። የሐዋሳ ሥራ ቤቶች ባይመቹህ አዲስ አበባ በትእዛዝ የሚቆርጥ ሞልቷል። የአክሪሊክ ፊደል ትእዛዝህ በየሳምንቱ መደጋገም ሲጀምር ያኔ አስላው። ስትገዛም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ይሁን። በርካሽ የሚሸጠው ሰማያዊ ብርሃን ያለው ዳዮድ ሌዘር እንደ መስታወት ወዲያ ማዶ የሚያሳየውን አክሪሊክ አይቆርጠውም፤ ብርሃኑ አልፎት ይሄዳል። የመብራቱንም ነገር አስብበት። መሃል ላይ ሲጠፋ ማሽኑ ካቆመበት ቢቀጥል እንኳ ጠርዙ ላይ ምልክት ሊተው ይችላል። ደንበኛ ደግሞ መጀመሪያ የሚያየው ጠርዙን ነው። ሌላው፣ አክሪሊክ በእሳት ይያያዛል። ማሽኑ እየሠራ ቡና ልጠጣ ብለህ እንዳትወጣ።

ሌዘር አስቆርጠህ ስታመጣ ጠርዙ እንደ ተወለወለ ያበራል። ግን በሙቀቱ ምክንያት ውስጡ ውጥረት ይዞ ይቀራል። እንደ ክሎሮፎርም ያለ ሟሟ ማጣበቂያ ሲነካው ከጠርዙ ደቃቅ ስንጥቆች ይወጣሉ፤ ዛሬ ባታያቸው በማግሥቱ ታያቸዋለህ። የሚጣበቅ ዕቃ ከሆነ ሙቀቱን መቆጣጠር በሚቻል ምድጃ 80 ዲግሪ ላይ ሰዓታት አቆይተህ ቀስ ብሎ እንዲበርድ አድርግ። ምድጃ ከሌለህ የሚጣበቀውን ጎን በመጋዝ አስቆርጥ። ጠርዙንም በአልኮል ወይም በመስኮት ማጽጃ አትጥረገው፤ ለብ ያለ ውሃ፣ ትንሽ ሳሙናና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል።