መልስ፦ የሙስታንግ ዋጋ ለምን ተወደደ?

ወንድሜ፣ ስለ ሙስታንግ፣ ባለ ሁለት በሩ የፎርድ የስፖርት መኪና፣ «ገዢ ከቀነሰ ዋጋው ለምን አይወርድም?» ብለህ ለጠየቅኸው፦ የፋብሪካው ወጪ አብሮ ስለማይቀንስ ነው። ፎርድ የ1966ቱን (እ.ኤ.አ.) ሙስታንግ ከ600,000 በላይ አምርቶ ነበር፤ በ2024 አሜሪካ ውስጥ የሸጠው 44,000 ገደማ ነው። የንድፉና የአካል ቅርጽ ማውጫው ሻጋታ ወጪ ለጥቂት መኪኖች ሲካፈል እያንዳንዱን ያስወድደዋል። በዚያ ላይ የባንክ ወለድና ኢንሹራንስ አለ፤ ወጣቱን ያባረረው በእኔ እምነት ይህ ነው። ልጅ ያለውማ የኋላ ወንበሩን አይቶ ይመለሳል፦ የሕፃን መቀመጫ ለማስገባት የፊቱን ወንበር አጥፎ፣ ጎንበስ ብሎ መታገል ነው። በጣም ያሳዝነኛል፤ ጠዋት ሲነሳ ደረት የሚያንቀጠቅጠው ያ ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር የደመወዝተኛ መኪና ነበር። ጥቂት ዓመት ያገለገለ ፈልግ፤ ከመግዛትህ በፊት ግን ኢንሹራንሱን ጠይቅ።