ጃክ እንግዳ አላስገባ አለ

በዚህ ወር ከአንባብያን የመጡት ደብዳቤዎች የሚበዙት በሽታን ሳይሆን ዓመልን የሚመለከቱ ናቸው። ውሻው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይሮጣል፤ የተቸገረው ቤተሰቡ ነው። ከደብዳቤዎቹ አምስቱን መርጠን፣ ረዘም ያሉትንም አሳጥረን ለእንስሳት ሐኪማችን አቅርበናል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ጃክ የሚባል የሦስት ዓመት ውሻ አለን። ከቡችላነቱ ጀምሮ ቀን በሰንሰለት ታስሮ ይውላል፣ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ይፈታል። እኛን ሲያይ የሚሆነውን ያጣል፤ እንግዳ ከመጣ ግን ሰንሰለቱን ሊበጥስ ይደርሳል። በፋሲካ ማግስት የአክስቴ የሰባት ዓመት ልጅ ሊያባብለው ሲጠጋ አጉረመረመና እጁን በጥርሱ ጫር አደረገው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ወር አልፏል፤ ልጁም ውሻውም ደህና ናቸው፤ ዘመድ ግን ቤታችን መምጣት ፈርቷል። ባለቤቴ «ካልተናከሰ ምኑን ውሻ ሆነ?» ይላል። ጥበቃነቱን ሳናጠፋ ልናለዝበው እንችላለን? — ከገርጂ

መልስ፦ ከዓመሉ በፊት ስለ ልጁ እጅ አንድ ነገር ልበል። ጃክ ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለት ወር ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ስለ እብድ ውሻ በሽታ ልብዎ ይረፍ፤ በሽታውን በንክሻ ሊያስተላልፍ የሚችል ውሻ በ10 ቀን ውስጥ ራሱ ታሞ ይታያል ወይም ይሞታል። ለሌላ ጊዜ ግን የአሥሩን ቀን ውጤት መጠበቅ አይገባም፤ ውሻ የነከሰው ወይም የጫረው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት፤ ምክንያቱም የበሽታው ምልክት አንዴ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ሐኪም የሚያደርገው ብዙ ነገር አይኖርም። የጃክም ክትባት በየዓመቱ ይታደስ።

አሁን ወደ ግቢዎ በር እንምጣ። ቆራሌው እየተጣራ ይመጣል፤ ጃክ ይጮኽበታል፤ ቆራሌው ያልፋል። ቆጣሪ የሚያነበው ሰው ያንኳኳል፤ ጃክ ሰንሰለቱን እየጎተተ ይጮኻል፤ ሰውየው ቁጥሩን ጽፎ ይሄዳል። ቆራሌው የሄደው መንገደኛ ስለሆነ መሆኑን እኛ እናውቃለን፤ ጃክ የሚያውቀው ግን ጮኾ ማባረሩን ብቻ ነው። በቀን አሥር ጊዜ፣ ለሦስት ዓመት ያህል ድል ሲያደርግ የኖረ ውሻ አክስትዎ በር ላይ ሲደርሱ ዝም የሚልበት ምክንያት የለውም። እንግዳ ደግሞ እንደ ቆራሌው አያልፍም፤ ገብቶ ይቀመጣል፤ ጃክም እስከ ዛሬ የሠራለት ዘዴ እንቢ ሲለው ያንኑ ዘዴ ያበረታዋል።

ሰንሰለቱ ነገሩን ያከፋዋል። ውሻ የማያውቀው ሰው ሲጠጋው ወይ ይሸሻል ወይ ይጋፈጣል፤ ሁለት ሜትር ሰንሰለት ላይ ያለ ውሻ የመጀመሪያው መንገድ ተዘግቶበታል። ልጁ የተጠጋው ሊያባብለው ነበር፤ ጃክ ግን ማፈግፈጊያ አልነበረውም፤ ያጉረመረመውም «አትጠጋኝ» ለማለት ነው። ብዙ ቤት ውስጥ ውሻ ሲያጉረመርም ይመታል፤ በእኔ ግምት በእኛ አገር ከሚሠሩት ስህተቶች ሁሉ የሚከፋው ይህ ነው። ማጉረምረሙ ያስመታው ውሻ የሚተወው ማጉረምረሙን እንጂ ፍርሃቱን አይደለም፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል። ለሚያስተውል ሰው ከማጉረምረሙም በፊት ምልክት አለ፦ ሰውነቱ ደርቆ ይቆማል፣ ፊቱን ያዞራል፣ ምግብ በሌለበት ከንፈሩን ይልሳል፣ የዓይኑ ነጭ በጎን በኩል ይታያል። ጭራውን ስለቆላ ብቻ ደግሞ አይታመንም፤ ጭራውን ወደ ላይ ገትሮ በአጭር በአጭሩ የሚያንቀጠቅጥ ውሻ የተወጠረ እንጂ የተደሰተ አይደለም።

ስለዚህ ሥራው ከሰንሰለቱ ይጀመር። ከቤቱ ጀርባ፣ የውጪው በር በማይታይበት በኩል፣ በሽቦ ወንፊት የታጠረ ጥግ ቢያዘጋጁለት ቀኑን ሙሉ መንገደኛ «ሲያባርር» መዋሉ ይቀራል። ግቢው ለዚህ የማይበቃ ከሆነ በሁለት ምሰሶ መካከል ሽቦ ወጥሮ ሰንሰለቱ በቀለበት ከዳር እስከ ዳር እንዲንሸራተት ማድረግ ከምንም ይሻላል። ጠዋት ጠዋትም ለግማሽ ሰዓት የአፍ መሸፈኛ አድርገውለት በገመድ ይዘውት ይውጡ፤ ተቻኩለው አይጎትቱት፣ እያሸተተ ይሂድ፤ ለውሻ አጥር ሥር ማሽተት ለእኛ ጋዜጣ እንደማንበብ ነው።

ቀጥሎ ጃክ የማያውቀው፣ ትዕግሥት ያለው አንድ ጎረቤት ያስፈልግዎታል። ሳንባ ቀቅለው በጣት ጫፍ ልክ ይቆራርጡ። ጎረቤትዎ ጃክ እያየው ገና መጮኽ ከማይጀምርበት ርቀት ላይ፣ ሃያ ሜትርም ይሁን ሠላሳ፣ ይቁም። ሰውየው ሲታይ እርስዎ ቁራሽ በቁራሽ ላይ ይስጡት፤ ሰውየው ሲሰወር ሳንባውም ይቁም። ጃክ ሰውየውን ባየ ቁጥር ፊቱን ወደ እርስዎ እጅ ማዞር ሲጀምር ርቀቱን በሁለት እርምጃ ይቀንሱ፤ ከጮኸ የቸኮሉት እርስዎ ነዎት፣ መልሰው ያርቁት። ጎረቤትዎ ዓይን ዓይኑን አይየው፣ ከራሱ በላይም እጁን አይዘርጋ። ልጆች በዚህ ሥራ ውስጥ ጨርሶ አይግቡ፤ እንግዳ ከልጅ ጋር በመጣ ቀን ጃክ በታጠረው ጥጉ ይዋል። ውሻ ሰውንና ዓለምን በቀላሉ የሚለምደው ከሦስት ሳምንቱ እስከ ሦስት ወሩ ገደማ ባለው ጊዜ ነው፤ ያ ጊዜ በሰንሰለት ላይ ስላለፈ ሥራው ወራት ይፈጃል፤ ጃክም ሁሉን ሰው የሚወድ ውሻ ላይሆን ይችላል። እንግዳ ገብቶ እስኪወጣ በሰላም መቀመጡ ይበቃናል።

ለባለቤትዎ ደግሞ ይህን ይንገሩልኝ፦ ለቆራሌውም ለአክስትም ለነፋስም የሚጮኽ ውሻ ሌሊት አጥር የሚዘል ሰው ሲመጣ ቢጮኽ ማን ከአልጋው ይነሳለታል?

ጥያቄ፦ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እንኖራለን። ልጆቼ ለምነውኝ የአራት ወር ቡችላ አመጣሁ። ምንጣፍ ላይ ይሸናል፣ ጫማ ያኝካል። የሚያናድደኝ ጥፋቱን ማወቁ ነው፤ ከሥራ ስመለስ ራሱን ደፍቶ ሶፋ ሥር ይገባል። አፍንጫውን ሽንቱ ላይ አሸሁት፣ ገረፍኩት፤ አልተወም። — እናት፣ ከጀሞ

መልስ፦ ያ ራስ መድፋት ጸጸት አይደለም። አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው ጥናት ላይ የ14 ውሾች ባለቤቶች «ይህን ምግብ እንዳትነካ» ብለው ከክፍሉ እንዲወጡ አደረገች፤ ሲመለሱም አንዳንዶቹ ውሻው ሳይበላ «በላ» ተባሉ። ያ የጥፋተኛ ፊት የታየው ምግቡን በበሉት ላይ ተለይቶ ሳይሆን ባለቤታቸው በተቆጣቸው ላይ ነበር፤ እንዲያውም ሳይበሉ የተቆጡት ላይ ጎልቶ ታየ። የእርስዎም ቡችላ የሚያነበው የእርስዎን ፊትና የቁልፉን ድምፅ ነው። ጠዋት በሁለት ሰዓት የሸናውን ሽንት ማታ በአሥራ ሁለት ሰዓት ከሚደርስበት ዱላ ጋር ሊያገናኝ አይችልም፤ የሚማረው «እናታችን ሲመጡ መደበቅ ይሻላል» የሚለውን ብቻ ነው።

የአራት ወር ቡችላ ሽንቱን ቢበዛ አራት አምስት ሰዓት ይይዛል፤ ነቅቶ ሲጫወት ደግሞ ከዚያ በጣም ያነሰ። ከእንቅልፍ ሲነቃ፣ በልቶ ሲጨርስና ጨዋታ ሲያቆም ወዲያው ይውረድ፤ በደረጃው ላይ በእግሩ ከሄደ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይሸናልና ታቅፎ ይውረድ። ውጪ እንደሸና፣ ገና እዚያው እንደቆመ፣ አንድ ቁራሽ ምግብ ይሰጠው፤ ቤት ከገባ በኋላ የሚሰጥ ሽልማት ለደረጃው ነው የሚቆጠረው። እናንተ ሥራና ትምህርት ቤት ስትውሉ በረንዳው ላይ ጋዜጣ ይነጠፍለት። ምንጣፉን በበረኪና አይጠቡ፤ በረኪና ከሽንት ጋር ሲገናኝ ለሰውም ለውሻም የማይበጅ ጋዝ ያወጣል። በሳሙና አጥበው፣ አቼቶ በውሃ አቅጥነው ያዳርሱት፤ ሽታው ካልጠፋ ያው ቦታ መጸዳጃው ሆኖ ይቀራል።

ጫማውን የሚያኝከው ድዱን ስለሚያሳክከው ነው። 28ቱ የወተት ጥርሶች የሚረግፉት ከአራት ወር እስከ ስድስትና ሰባት ወር ባለው ጊዜ ነው፤ በምትካቸውም 42 ይበቅላሉ። ፎጣ አርጥበው ቋጥረው፣ ፍሪዘር ውስጥ አቆይተው ይስጡት። አሮጌ ጫማ ግን አይስጡት፤ አሮጌውን ከአዲሱ የሚለይበት መንገድ የለውም። የበሰለ የዶሮ አጥንትም እንዲሁ፤ ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል።

ጥያቄ፦ ውሻችን ሌሊት ሌሊት ያላዝናል። አማቴ «የሰው ሞት ይጠራል» ብለው እንቅልፍ አጥተዋል። እውነት ነው? — ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ አማትዎን በክርክር አያድክሙ፤ ይልቅ አንድ ሌሊት ከውሻው ጋር አብረው ያዳምጡ። ማላዘን ከሩቅ መጠራሪያ ነው። ጅብ ሲጮኽ፣ የአምቡላንስ ሳይረን ሲያልፍ፣ በሰፈሩ ያለች ሴት ውሻ ስትፈልግ አንዱ ይጀምራል፣ ሌሎቹ ይቀበሉታል። የሰው ጆሮ የሚሰማው እስከ 20,000 ሄርትዝ ድረስ ሲሆን ውሻ እስከ 45,000 ገደማ ይሰማል፤ ስለዚህ እናንተ ያልሰማችሁት ነገር ቢኖር አይገርምም። የሚያድርበትን ቦታም ይመልከቱ፤ ለደብረ ብርሃን ብርድ ደረቅ ጭድና ነፋስ የማያስገባ ግድግዳ ያስፈልገዋል። ያረጀ ውሻ ከሆነና ማላዘኑን በቅርብ የጀመረ ከሆነ ግን ሕመም ሊኖረው ስለሚችል ሐኪም ይየው።

ጥያቄ፦ የምኖረው በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከመጠለያ የወሰድኳት ቡቺ የምትባል ውሻ አለችኝ። ሥራ ስሄድ አሥር ሰዓት ያህል ብቻዋን ትውላለች። በሩን ቧጥጣ ጨረሰችው፤ ጎረቤት በጩኸቷ ከስሶኝ ከአፓርትመንቱ አስተዳደር ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ትታኝ ሄደች ብላ እየተበቀለችኝ ይሆን?

መልስ፦ ቡቺ ቂም የምትይዝ ፍጥረት አይደለችም። ስልክዎን ቪዲዮ ላይ አድርገው ትተው ይውጡና ይመልከቱ። ጩኸቱና መቧጠጡ እርስዎ በወጡ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ከጀመረ፣ ከበሩም የማትላቀቅ ከሆነ፣ ብቻዋን የመቅረት ፍርሃት ነው። ሦስት አራት ሰዓት ተኝታ ቆይታ ከዚያ ከጀመረች ደግሞ ስልችት ብሏታል፤ ለዚህኛው ጠዋት ረዘም ያለ የእግር ጉዞና ምግቧን ፈልጋ የምታወጣበት መጫወቻ ይበቃል።

ፍርሃት ከሆነ ግን ሥራ አለው። ፍርሃቷ የሚጀምረው እርስዎ ቁልፍ ሲያነሱና ጫማ ሲያደርጉ ስለሆነ፣ ቁልፉን አንስተው ሶፋ ላይ ይቀመጡ፣ ጫማ አድርገው ቡና ያፍሉ፤ ትርጉሙ ይጥፋባት። ከዚያ ለአምስት ሴኮንድ ወጥተው ይመለሱ፤ ቀጥሎ ሃያ፣ ቀጥሎ አንድ ደቂቃ፤ ከመደንገጧ በፊት መመለስ ነው ምሥጢሩ። ይህን እያስተማሩ በጎን አሥር ሰዓት ብቻዋን ከተዋት የገነቡት ይፈርሳል፤ ስለዚህ ለተወሰኑ ሳምንታት ቀን ቤት የሚውል ወዳጅ ወይም የውሻ መዋያ ይፈልጉላት። በዚያ አገር እንደ ልማድ የሚመከረውን የውሻ ሳጥን ለእሷ አልመክረውም፤ የደነገጠ ውሻ ሳጥን ውስጥ ጥርሱንና ጥፍሩን ይሰብራል። እርስዎ ባሉበት አገር ለዚህ ችግር ለውሾች የተፈቀዱ ፍሉኦክሰቲንና ክሎሚፕራሚን የሚባሉ መድኃኒቶች አሉ፤ የሚያዝዘው የእንስሳት ሐኪም ነው፤ ከሥልጠናው ጋር እንጂ በሥልጠናው ፈንታ አይሰጡም። ለአስተዳደሩም የሐኪሙን ወረቀት ማሳየት ጊዜ ሊያስገኝልዎ ይችላል።

ጥያቄ፦ እሑድ ማለዳ ነጠላ ለብሼ ወደ ቅዳሴ ስወጣ ውሻችን በጭቃ እግሩ ዘሎ ይሳፈርብኛል። «ውረድ!» እያልኩ ብገፋውም ይብስበታል። — ከኮተቤ

መልስ፦ ቡችላ እናቱ ስትመለስ አፏን እየላሰ ይቀበላታል፤ እርስዎም ዘንድ የሚዘለው ፊትዎ ላይ ለመድረስ ነው። በእጅ መግፋትና መጮኽ ለእሱ ጨዋታውን መቀበልዎ ነው። ሲዘል ጀርባዎን ሰጥተው እጅዎን አጣጥፈው ዝም ይበሉ፤ አራቱም እግሩ መሬት ሲነካ ጎንበስ ብለው በለሆሳስ ያናግሩት። የቤቱ ሰው ሁሉ እንዲህ ማድረግ አለበት፤ ዘበኛው ማታ ማታ እያዘለለ የሚያጫውተው ከሆነ የእርስዎ ጀርባ ብቻውን አይበቃም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ቀናት ከበፊቱ አብልጦ ይዘላል፤ የለመደው ነገር ስለተከለከለ ነው እንጂ ዘዴው ስላልሠራ አይደለም። እስከዚያው ነጠላዎን በፌስታል ይዘው ይውጡና ከበሩ ውጪ ይልበሱት።