መቁረጥ ያቆመ ብሬከር፣ መንዘር የጀመረ መኪና

ጥያቄ፦ «መኝታ፣ ማብሰያና ማቀዝቀዣ ያለውን የመኖሪያ መኪናችንን ግቢ ውስጥ አቁመን ከቤቱ ሶኬት በ30 ሜትር ማራዘሚያ ገመድ ኤሌክትሪክ እንሰጠዋለን። የተረፈውን ገመድ ጠቅልለን አስቀምጠነዋል። ቀደም ሲል ዝናብ በዘነበ ቁጥር የቤቱ ሊኬጅ ብሬከር (ኮረንቲ ወደ መሬት ሲያፈስስ መስመሩን የሚያቋርጠው) ይቆርጥ ነበር። አንድ ሠራተኛ አስተካከለልን፤ ከዚያ ወዲህ ቆርጦ አያውቅም። አሁን ግን መሬት ላይ ቆመን የመኪናውን በር ስንይዝ ይነዝረናል፤ ዝናብ ከዘነበ በኋላ ደግሞ ይብሳል። ውስጥ ስንሆን ምንም አይሰማንም። የውኃ ማፍያ ስንሰካ መብራቱ ይደበዝዛል፣ ስፒናውም ይግላል። ሠራተኛው 16 አምፔሩን ብሬከር በ32 ቀይሮታል። ወፍራም ገመድ ብንገዛ ይበቃናል? መብራት ሲጠፋስ መኪናውን በጀነሬተር ማብራት እንችላለን?»

መልስ፦ ገመዱ መቀየሩ አይቀርም፤ የመጀመሪያው ሥራ ግን እሱ አይደለም። ጥያቄዎን ሳነብ ዓይኔ ያረፈው ብሬከሩ መቁረጥ ያቆመበትና መኪናው መንዘር የጀመረበት ጊዜ አንድ መሆኑ ላይ ነው። እነዚህ ሁለት ምልክቶች ተከታትለው ሲመጡ ጥርጣሬዬ ወዲያውኑ አንድ ቦታ ላይ ያርፋል፤ ሠራተኛው ኮረንቲ የሚያፈስሰውን ዕቃ ፈልጎ አላገኘም፣ ይልቁንም የመኪናውን ብረት ከመሬት ጋር የሚያገናኘውን ቢጫና አረንጓዴ የግራውንድ ሽቦ ነቅሎታል። ግራውንዱ ሲነቀል የሚፈስሰው ኮረንቲ መሄጃ ያጣል፣ ብሬከሩም ዝም ይላል፣ ባለቤቱም ተጠገነልኝ ብሎ ይከፍላል። እንዲህ ያለ ሥራ ባየሁ ቁጥር ያናድደኛል። ብሬከሩ በየዝናቡ «እዚህ ጋ ችግር አለ» እያለ ነበር፤ ሰውዬው አፉን ዘግቶት ሄደ።

ስለዚህ ንባቡን ከመቀጠልዎ በፊት ከቤቱ ማከፋፈያ ሳጥን ላይ የመኪናውን መስመር ያጥፉ፤ ከዚያም ስፒናውን ከቤቱ በኩል ይንቀሉ። ግራውንዱ በመለኪያ እስኪረጋገጥ ድረስ መኪናው ኤሌክትሪክ አያግኝ። ለአንድ ሌሊትም ቢሆን አያግኝ።

መንዘሩ ከየት እንደመጣ በደንብ መረዳት ስለሚገባ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። መኪናው የቆመው በጎማ ላይ ነው፤ ጎማ ደግሞ ኮረንቲ አያሳልፍም። የቤት ውስጥ ማቀዝቀዣ ወለል ላይ፣ ግድግዳ አጠገብ ይቀመጣል፤ የመኖሪያ መኪና ግን ከነሙሉ የብረት አካሉ ከመሬት ተለይቶ የተንጠለጠለ ዕቃ ነው። ከመሬት ጋር የሚያገናኘው በገመዱ ውስጥ ያለችው ቢጫና አረንጓዴ ሽቦ ብቻ ናት። በመኪናው ውስጥ ያለውን የባትሪ ቻርጀር ቢከፍቱት ከመግቢያው አጠገብ ካፓሲተር የሚባሉ ሁለት ትናንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ያገኛሉ፤ አንዱ ከፌዝ (ኮረንቲ ከሚያመጣው ሽቦ) ወደ ብረቱ አካል፣ ሌላው ከኒውትራል (ከመመለሻው ሽቦ) ወደዚያው አካል የታሰረ ነው። ሥራቸው በሬዲዮና በመሰል መሣሪያዎች ላይ የሚፈጠረውን ሁካታ ማጣራት ነው። ግራውንዱ በቦታው ካለ በእነሱ በኩል የምታልፈው ጥቂት ኮረንቲ ወደ መሬት ትሄዳለች፣ ማንም አያውቃትም። ግራውንዱ ሲቆረጥ ግን ሁለቱ ካፓሲተሮች 220 ቮልቱን እኩል ይካፈሉትና የመኪናው አካል መሐል ላይ፣ 110 ቮልት አካባቢ ተንሳፎ ይቀራል። መሬት ላይ ቆመው በሩን ሲይዙ ያቺ ኮረንቲ በእርስዎ በኩል ትወርዳለች። መጠኗ ትንሽ ስለሆነች፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሚሊአምፔር ብዙም ስለማትርቅ፣ ትነዝራለች እንጂ አትጥልም። ውስጥ ሲገቡ የማይሰማዎት ደግሞ ከመኪናው ጋር አብረው ስለሚንሳፈፉ ነው፤ በኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ያረፈች ወፍ ምንም እንደማትሆነው ማለት ነው። አደገኛው ቅጽበት አንድ እግር ደረጃው ላይ፣ ሌላው እግር እርጥብ መሬት ላይ ሆኖ እጅ የበሩን እጀታ ሲይዝ ነው።

ታዲያ ጉዳዩ በካፓሲተር ብቻ ቢያበቃ ይህን ያህል ባልተጨነቅሁ ነበር። የእርስዎ ግን ከዝናብ በኋላ ይብሳል። ካፓሲተር ዝናብን አያውቅም። ዝናብን የሚያውቀው ውኃ የገባበት መገናኛ ነው። ያ በፊት ብሬከሩን ሲያስቆርጥ የነበረው ፍሳሽ አሁንም በቦታው አለ፣ አሁንም የመኪናውን አካል ወደ ፌዝ እየሳበው ነው። አንድ ቀን ሽፋኑ ጨርሶ ቢለቅ መኪናው በሙሉ 220 ቮልት ተሸክሞ ይቆማል፤ ብሬከሩም አይቆርጥም፣ ምክንያቱም ኮረንቲው ሰው እስኪነካው ድረስ ወደ መሬት የሚሄድበት መንገድ የለውም። የመጀመሪያው መንገድ የሚሆነው ሰው ነው። ግራውንድ ሳይረጋገጥ መኪናው ላይ ኤሌክትሪክ አይግባ የምለው ለዚህ ነው።

ፍተሻው መልቲሜትር (ቮልትና የሽቦ ተቃውሞ የሚለካ መሣሪያ)፣ ካቻቪቴና የሽቦ ብሩሽ ብቻ ይፈልጋል። ገመዱን ከሁለቱም ጫፍ ነቅለው መልቲሜትሩን በኦም፣ ማለትም በተቃውሞ መለኪያው ላይ ያድርጉ። መጀመሪያ የገመዱን የግራውንድ እግር ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ይለኩ፤ ከ1 ኦም በታች መሆን አለበት። እየለኩ ገመዱን በየቦታው ያወዛውዙት፤ ቁጥሩ ከተወዛወዘ የተሰበረ ወይም የላላ ነገር አለ። ቀጥሎ በመኪናው ጎን ካለው የኤሌክትሪክ መግቢያ የግራውንድ እግር ወደ መኪናው አካል ይለኩ። ቀለም ላይ አይለኩ፤ ከሥር ካለው የብረት ማዕቀፍ አንድ ብሎን መርጠው በብሩሽ እስኪያበራ ይፈግፍጉት። እዚህም ከ1 ኦም በታች ካላነበበ ጥርጣሬዬ ልክ ነው ማለት ነው። ውስጥ ያለችውን ትንሿን የብሬከር ሳጥን ይክፈቱ። እንደምገምተው ቢጫና አረንጓዴዋ ሽቦ ከብሎኗ ወጥታ፣ ወደ ኋላ ታጥፋ፣ በናስትሮ ተጠቅልላ ያገኟታል። ጫፏን ቆርጠው በአዲስ ይላጡ፣ ወደ ቦታዋ መልሰው አጥብቀው ይሰሩ፣ እንደገና ይለኩ።

የቤቱ ሶኬት ግራውንድ ግን በመልቲሜትር ብቻ አይታመንም። የተንሳፈፈ ሽቦም ቢሆን ቮልት ሊያሳይ ይችላል። ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ በግራውንድ መለኪያ እንዲፈትሽልዎ ያድርጉ።

አንዳንዱ «ብረት መሬት ውስጥ ቀጥቅጠህ ከመኪናው ጋር እሰረው» ይላል። ይህን ሰምተው ነገሩ አለቀ አይበሉ። የአንድ ተራ ብረት ከአፈር ጋር ያለው ግንኙነት 50 ኦም ቢሆን በ220 ቮልት የሚያልፈው 4.4 አምፔር ብቻ ነው። 16 አምፔሩ ብሬከር ይህን ተራ ዕቃ አድርጎ ያየዋል፣ አይቆርጥም። ብረቱ እንዲጠቅም በ30 ሚሊአምፔር የሚቆርጥ ሊኬጅ ብሬከር መኖር አለበት፤ በገመዱ ውስጥ ያለውን ግራውንድም አይተካም።

ግራውንዱን ሲመልሱ ሊኬጅ ብሬከሩ እንደገና መቁረጡ አይቀርም። አይናደዱበት፣ ሥራውን ነው የሚሠራው። አሁን ፍሳሹን ፈልገን እናውጣ። ከዝናብ ጋር የሚመላለስ ስለሆነ መጀመሪያ የማየው በመኪናው ጎን ያለውን መግቢያ ነው። መስመሩ እንደጠፋ ብሎኖቹን ፈትተው ጀርባውን ይዩ፤ በናስ እግሮቹ ዙሪያ አረንጓዴ ዝገት፣ በፕላስቲኩ ላይ የውኃ ምልክት፣ የደረቀና የተሰነጠቀ ጎማ ካለ አይጠግኑት፣ በአዲስ ይተኩት። ገመዱም ወደ መግቢያው ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ረግቦ ይንጠልጠል፤ ያኔ ውኃው ከዝቅተኛው ቦታ ይንጠባጠባል እንጂ ገመዱን ተከትሎ አይገባም። ከዚህ በኋላም ከቆረጠ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ይንቀሉ። በመኪናው ውስጥ ያለውን ብሬከር ማጥፋት አይበቃም፤ ብዙዎቹ ፌዙን ብቻ ስለሚያቋርጡ በኒውትራል በኩል ያለው ፍሳሽ ይቀጥላል። ከሁሉ በላይ የምጠረጥረው የውኃ ማሞቂያውን ነው። በማሞቂያ ዘንጉ ውስጥ ያለው ነጭ ዱቄት እርጥበት ይስባል፤ ለወራት ሳይሠራ የቆየ ማሞቂያ በዚህ ምክንያት ኮረንቲ ያፈስሳል።

አሁን ወደ ገመዱ። መዳብ ቢሆንና ውፍረቱ 1 ካሬ ሚሊሜትር ቢሆን፣ 30 ሜትር መሄጃና 30 ሜትር መመለሻ ተደምሮ ተቃውሞው 1 ኦም ያህል ነው። 2000 ዋት የውኃ ማፍያ 9 አምፔር ይስባል፤ ስለዚህ 9 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል፣ ከ80 ዋት በላይ ሙቀትም ገመዱ ውስጥ ይቀራል። ገመዱ ተዘርግቶ ቢሆን አየር ያቀዘቅዘው ነበር፤ እርስዎ ግን ጠቅልለውታል፣ ሙቀቱ መውጫ የለውም፣ ሽፋኑ እርስ በርስ ይቀልጣል። የጋለው ስፒና ደግሞ የላላ ብሎን ወይም ርካሽ ስፒና ነው። ጠቁሮ ከሆነ ሶኬቱንም አብረው ይቀይሩ፤ አንዴ የጋለ የሶኬት ምላስ አጥብቆ መያዝ አይችልም።

ሲገዙም ይጠንቀቁ። በገበያ ላይ የሚሸጡ ብዙ ገመዶች ከላይ መዳብ የተቀቡ አሉሚኒየም ናቸው፤ ላያቸው ላይ 2.5 ተብሎ የተጻፈባቸው ነገር ግን ተላጠው ሲታዩ የቀጠኑም አሉ። ከሽቦው አንዷን ክር በምላጭ ፍቀው ይዩ፤ ውስጧ ነጭ ከሆነ ይመልሱት። የሚፈልጉት ባለ ሦስት ሽቦ፣ ጎማ ለበስ፣ እያንዳንዱ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ ንጹሕ መዳብ ነው፤ ለ16 አምፔር እስከ 25 ሜትር ይበቃል። ርቀቱ 30 ሜትር ከሆነ 4 ካሬ ሚሊሜትር ይግዙ፣ ወይም መኪናውን ያስጠጉ። መሐሉ ላይ ቅጥያ አይኑር፤ መሬት ላይ በናስትሮ የተጠቀለለ ቅጥያ በየዝናቡ ውኃ ይጠጣል።

ያ 32 አምፔር ብሬከር ደግሞ ዛሬ ይውጣ። ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ሽቦው መሸከም ከሚችለው በላይ የሆነ ብሬከር ከተገጠመ መጀመሪያ የሚቃጠለው ሽቦው ይሆናል፣ ያውም በግድግዳ ውስጥ። ባለሙያው ሲመጣ ከማከፋፈያ ሳጥኑ ለመኪናው ብቻ የሚሆን መስመር ያውጣልዎ፤ 16 አምፔር ብሬከር፣ 30 ሚሊአምፔር ሊኬጅ ብሬከር፣ ግድግዳ ላይ ክዳን ያለው ባለ ሦስት እግር ሰማያዊ የኢንዱስትሪ ሶኬት። ይህ ሶኬት ተገልብጦ ስለማይሰካ ፌዝና ኒውትራል አይቀያየሩም። 16 አምፔር ማለት 3500 ዋት ያህል ነው፤ የውኃ ማፍያውንና የአየር ማቀዝቀዣውን በአንድ ጊዜ ማስነሳት ብዙ ጊዜ ከዚህ ያልፋል፣ ተራ ያስይዟቸው።

ዓመቱን ሙሉ ተሰክቶ የሚቆይ ከሆነ ባትሪውንም ይዩ። ሞልቶ ሲያበቃ የቻርጀሩ ቮልት ወደ 13.5 ገደማ መውረድ አለበት። ከ14 በላይ ላይ ከቆየ ባትሪውን እያፈላ ነው፣ ቻርጀሩ ይቀየር።

ጀነሬተሩን በተመለከተ፣ መኪናውን ከቤቱ ነቅለው በቀጥታ ጀነሬተሩ ላይ ይስኩት። ሁለቱም ጫፉ ስፒና የሆነ ገመድ ሠርተው በቤቱ ሶኬት በኩል ኮረንቲ መልሰው አይላኩ፤ ሌላው ጫፍ በእጅዎ እያለ እግሮቹ ላይ 220 ቮልት ይቆማል፣ መስመር ላይ የሚሠራ ሰውም ሊገድል ይችላል። ጀነሬተሩ ሲሠራ ከመኪናው መስኮትና በር ርቆ ውጭ ይቀመጥ፤ ጭሱ ሽታ የሌለው መርዝ አለበት።

ሁሉም ከተጠናቀቀ በኋላ፣ መስመሩ ገና እንደጠፋ ግራውንዱን በድጋሚ ይለኩ፤ ከማብራትዎና የመኪናውን በር በእጅ ከመንካትዎ በፊት መለካትዎን ያረጋግጡ። ከዚያ አብርተው የሊኬጅ ብሬከሩን የመሞከሪያ ቁልፍ ይጫኑ፤ ካልቆረጠ ይቀየር። ግራውንዱ ከ1 ኦም በታች ሆኖም መንዘሩ ከቀጠለ መስመሩን አጥፍተው በየቦታው ያነበቡትን ቁጥር ጽፈው ይላኩልኝ።