የተገለበጠ ኮምፒውተርና የመጠባበቂያ ቅጂው

ጥያቄ፦ በጅማ ከተማ በአንድ ቡና አቅራቢ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የአሮጌውን ኮምፒውተር ዲስክ እንዳለ ወደ አዲሱ ገልብጠን፣ የአዲሱን ስም ቀይረን በሁለቱም እየሠራን ነው፤ የፋይሎቻችን ቅጂ በሚቀመጥበት የመጠባበቂያ ሰርቨር ላይ የሚታየው ግን አንድ ኮምፒውተር ብቻ ነው። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከሁሉ አስቀድመው በአዲሱ ኮምፒውተር ላይ ያለውን የመጠባበቂያ ፕሮግራም ዛሬውኑ ያቁሙት፤ የሁለቱ ፋይሎች በአንድ መዝገብ ሥር እየተደባለቁ ሊሆን ይችላልና። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ኮምፒውተሩን የሚለዩት በስሙ ብቻ ሳይሆን ሲጫኑ በሚሰጣቸውና በዲስኩ ላይ በሚቀመጥ መለያ ስለሆነ፣ ዲስኩ ሲገለበጥ መለያውም አብሮ ይገለበጣል፤ የኮምፒውተሩን ስም መቀየርም አይነካውም። ስለዚህ በአዲሱ ላይ ፕሮግራሙን ከነቅንብር (ሴቲንግ) ፋይሉና ከነመለያው አጥፍተው እንደገና ይጫኑትና በራሱ ስም ከሰርቨሩ ጋር ያስመዝግቡት። የመጀመሪያው ቅጂ ሁሉንም ፋይል የሚይዝ ሙሉ ቅጂ ስለሚሆንና ጊዜ ስለሚወስድ ከቢሮ ሰዓት በኋላ ቢጀምሩት ይሻላል። የአሮጌውን መለያ ግን፣ አደራ፣ አይንኩት፤ የቀድሞዎቹ ቅጂዎች የተያያዙት ከእርሱ ጋር ነው። ሳይገለበጥ ስሙ ብቻ የተቀየረ ቢሆን ኖሮ፣ መለያውን ጠብቆ በቅንብሩና በሰርቨሩ ላይ ያለውን ስም ማስተካከል ይበቃ ነበር። በመጨረሻም ከየኮምፒውተሩ ቅጂ አንዳንድ የሒሳብ ፋይል ወደ ሌላ ፎልደር መልሰው ይክፈቱ፤ ይህን ሳያረጋግጡ የተደባለቁትን ቅጂዎች አያጥፉ።