ስዊች ከመግዛትዎ በፊት የቨርቹዋል ማሽኑን ኔትወርክ ካርድ ይመልከቱ

«ፕሮክስሞክስ ላይ የጫንነው ዊንዶውስ ሰርቨር ፋይል ሲገለበጥ ይንቀራፈፋል፣ ሲፒዩውም ይጨናነቃል፤ አዲስ ስዊች ልግዛ ወይ?» ብለው ለጠየቁት አባላችን፦ እባክዎ ገንዘብዎን አያውጡ። (ፕሮክስሞክስ በአንድ ኮምፒውተር፣ ማለትም በአስተናጋጁ ላይ፣ ቨርቹዋል ማሽን የሚባሉ በሶፍትዌር የተሠሩ ብዙ ኮምፒውተሮችን የሚያስኬድ ሶፍትዌር ነው።) እኔ እዚሁ ጅማ በአንድ የቡና ንግድ ድርጅት ስሠራ ይኸው ችግር ገጥሞኝ ስዊቹንም ኬብሉንም አስለውጬ ነበር፤ ለውጡ ግን ምንም አልነበረም። ሰርቨሩን የሸጠልን ድርጅት ዘንድ ስደውል ባለሙያው ጥያቄዬን እስከ መጨረሻው እንኳ ሳይሰማ «አርጅቷል፣ ሌላ ግዙ» ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ። አርጅቷል የተባለው ሰርቨር ዛሬም ሥራውን እየሠራ ነው።

1. በማሽኑ የሃርድዌር ገጽ ላይ የኔትወርክ ካርዱን ዓይነት ይመልከቱ። «ኢ1000» የሚል ከሆነ ምክንያቱ እዚያ ነው። ይህ የኢንቴልን ካርድ በሶፍትዌር የሚያስመስል ነው፤ ዊንዶውሱ ካርዱን የእውነት አድርጎ ስለሚያየው፣ ባዘዘው ቁጥር ማሽኑ ለአፍታ ቆሞ ትእዛዙ በአስተናጋጁ በኩል ይፈጸማል፣ ሲፒዩውም በዚህ መመላለስ ያልቃል። ለቨርቹዋል ማሽን ተብሎ የተሠራው ሌላው የካርድ ዓይነት ቪርትአይኦ ይባላል፤ የእሱ ድራይቨር (ዊንዶውሱ ካርዱን የሚያዝበት ፕሮግራም) ግን ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ መሆኑን ያውቃል፤ መረጃውን ሁለቱም ወገን በሚያዩት የማስታወሻ ክፍል ላይ ደርድሮ ለብዙ ፓኬት በአንድ ጊዜ ያሳውቃል።

2. ድራይቨሩን አስቀድመው ይጫኑ። ሊኑክስ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በከርነሉ (በሲስተሙ እምብርት) ውስጥ አለው፤ ለዊንዶውስ ግን የፌዶራ ፕሮጀክት የሚያሰራጨውን የቪርትአይኦ አይኤስኦ (የሲዲ ቅጂ ፋይል) እንደ ሲዲ አስገብተው፣ ኔትኬቪኤም ከሚለው ፎልደር የእርስዎን የዊንዶውስ ዓመት መርጠው መጫን አለብዎት። (በፕሮክስሞክስ ፋንታ ቪኤምዌር የሚባለው ተመሳሳይ ሶፍትዌር ቢሆን ኖሮ ቪኤምኤክስኔት3 የሚባለውን ይመርጡ ነበር።)

3. ካርዱን ከቢሮ ውጭ ሆነው በፍጹም አይለውጡ። እኔን ያስከፈለኝ ይህ ነው። ወሩ ኅዳር፣ ቡና በብዛት የሚገባበት ወቅት ነበር። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ጅረን ካለው ቤቴ ሆኜ፣ ድራይቨሩን ሳልጭን የካርዱን ዓይነት ወደ ቪርትአይኦ ቀየርኩት። ወደ ቢሮው ኔትወርክ የምገባው በዚያው ሰርቨር በኩል ስለነበር መግቢያዬም አብሮ ተዘጋ። ባጃጅ ተኮናትሬ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ወዳለው ቢሮ ሄድኩና በፕሮክስሞክስ ኮንሶል ገብቼ ድራይቨሩን ጫንኩ። ነገር ግን የማክ አድራሻው (የካርዱ መለያ ቁጥር) ባይለወጥም ዊንዶውስ ካርዱን እንደ አዲስ ስለቆጠረው፣ የቀድሞውን አይፒ አድራሻ ስጽፍ «ይህ አድራሻ አሁን በሌለ ሌላ ካርድ ተይዟል» የሚል መልእክት መጣብኝ። ከአሮጌው ካርድ ላይ እንዲያነሳልኝ መፍቀድ ሲገባኝ፣ ለመተኛት ቸኩዬ ሌላ አድራሻ ሰጥቼው ወጣሁ።

ጠዋት የሚዛን ክፍሉ ኮምፒውተሮች የሒሳብ ፕሮግራሙን በአሮጌው አድራሻ እየፈለጉ አጡት። ቡና የጫኑት አይሱዙዎች ከግቢው በር እስከ አስፋልቱ ተሰልፈው ቆሙ፤ የሚዛን ሠራተኛዋ የእያንዳንዱን ጆንያ ክብደት በካርቦን ደረሰኝ በእጇ ስትጽፍ ረፈደ። ሥራ አስኪያጁም በሠራተኛው ሁሉ ፊት ተቆጡኝ። መፍትሔው ግን ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚወስድ ነበር፦ በዲቫይስ ማናጀር የተደበቁ ዕቃዎችን የሚያሳየውን ምርጫ ከፍቼ፣ ደብዝዞ የሚታየውን አሮጌ ካርድ አጠፋሁና የቀድሞውን አድራሻ ለአዲሱ ሰጠሁት።

ስለዚህ እርስዎ አሮጌውን ካርድ ሳይነኩ የቪርትአይኦ ካርድ በሁለተኛነት ይጨምሩ፤ ድራይቨሩ መሥራቱን ያረጋግጡ፤ አይፒውን፣ ጌትዌዩንና ዲኤንኤሱን በወረቀት ይጻፉ፤ ከዚያ ብቻ አሮጌውን አንስተው አድራሻውን ያዛውሩ። በዚያው ምሽት የዲስኩን ዓይነት ደርበው አይለውጡ፤ የዲስኩ ድራይቨር ሳይጫን ከተለወጠ ዊንዶውሱ ጭራሽ አይነሳም።

እኛ ዘንድ ከዚያ ወዲህ ፋይል ሲገለበጥ ሲፒዩው አይጨናነቅም፤ በአንድ አስተናጋጅ ላይ ባሉ ሁለት ማሽኖች መካከል የሚደረገው ቅጂም በሰከንድ ከ1 ጊጋቢት በላይ ይሄዳል። ወደ ሠራተኞች ኮምፒውተር የሚወጣው ግን የኬብሉና የስዊቹ ፍጥነት ከሚፈቅደው በላይ እንደማይሄድ ለአለቃዎ አስቀድመው ይንገሩ፤ እኔ ይህን ሳልናገር ቀርቼ ለሳምንት ያህል ስጠየቅ ከርሜያለሁ። ማሽንዎ ብዙ ሲፒዩ ከተሰጠው በካርዱ ቅንብር ላይ መልቲኪው (መረጃው በብዙ ሰልፍ ተከፋፍሎ እንዲያልፍ የሚያደርገው) የሚለውን ቦታ በሲፒዩዎቹ ቁጥር ልክ ይሙሉት።