ፑሮማይሲን ሴሎቹን ሁሉ ለምን ጨረሰ?

የጠየቁት ይህን ነው፦ የፑሮማይሲን መቋቋሚያ ጂን የተሸከመ ሌንቲቫይረስ (ጂን ወደ ሴል የሚያስገባ ቫይረስ) በኤችኢኬ 293ቲ ሴሎች (በላብራቶሪ በሚራቡ የሰው ሴሎች) ላይ ጨምረው፣ ጂኑ የገባባቸውን ብቻ ለማስቀረት በማግስቱ በሚሊ ሊትር 5 ማይክሮግራም ፑሮማይሲን ሰጧቸው፤ አንድም ሴል አልተረፈም። «አንቲባዮቲክ የሰው ሴልም ይገድላል ወይ?» ብለዋልም።

አዎ፣ ይሄኛው ይገድላል። ፑሮማይሲን ኑክሊዮሳይድና አሚኖ አሲድ የተጣመሩበት ስለሆነ አሚኖ አሲድ የተሸከመውን የቲአርኤንኤ (የአሚኖ አሲድ አመላላሽ ሞለኪውል) ጫፍ ይመስላል። ፕሮቲን የሚሠራው ሪቦዞም ተሳስቶ ይቀበለውና በመሠራት ላይ ባለው ፕሮቲን ጫፍ ይቀጥለዋል፤ ሰንሰለቱም ሳያልቅ ተቋርጦ ይለቀቃል። ይህ የሪቦዞም ሥራ በባክቴሪያም በሰውም ያው ነው። ለበሽተኛ የማይታዘዘውም ለዚህ ነው።

የእርስዎን ሴሎች የጎዳቸው በዋናነት መቸኮሉ ይመስለኛል። ፓክ የሚባለው መቋቋሚያ ጂን የሚያዘጋጀው ኢንዛይም ፑሮማይሲኑ ላይ አሴቲል ለጥፎ ያመክነዋል። ግን ቫይረሱ ገብቶ፣ ዲኤንኤው ከሴሉ ዲኤንኤ ጋር ተቀላቅሎ ኢንዛይሙ እስኪጠራቀም ጊዜ ይፈልጋል፤ 48 ሰዓት ይጠብቁ።

መጠኑም በዝቷል። ለ293ቲ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ማይክሮግራም በሚሊ ሊትር ይበቃል፤ ቢሆንም የሌላ ሰው ቁጥር አይውሰዱ። ቫይረስ ያልነካቸውን ሴሎች በባለ 24 ዌል (ጉድጓድ) ፕሌት 50,000 በየዌሉ ዘርተው፣ በማግስቱ 0፣ 0.5፣ 1፣ 1.5፣ 2፣ 3 እና 5 ማይክሮግራም በሚሊ ሊትር ይሞክሩ። በ3 ቀን ውስጥ ሁሉንም የገደለው ዝቅተኛ መጠን የእርስዎ ነው። ስቶኩ (የተቀመጠው ወፍራም የፑሮማይሲን ፈሳሽ) 10 ሚሊግራም በሚሊ ሊትር ከሆነ መጀመሪያ አሥር እጥፍ ያቅጥኑት፤ ከዚያ ለ10 ሚሊ ሊትር ሚዲያ (ሴሎቹ የሚያድጉበት ፈሳሽ) 10 ማይክሮሊትር ሲጨምሩ 1 ማይክሮግራም በሚሊ ሊትር ይሆናል። ከወፍራሙ ስቶክ 1 ማይክሮሊትር መለካት በጣም ያሳስታል።

ሁለት ማነጻጸሪያ ሳይዙ አይጀምሩ፦ ቫይረስ የሌለበት ከነመድኃኒቱ (ሁሉም መሞት አለበት)፣ ቫይረስ ያለበት ያለ መድኃኒት። ሁለተኛው ከሞተ ጥፋተኛው ፑሮማይሲኑ ሳይሆን የቫይረሱ ዝግጅት ወይም ቫይረሱ ወደ ሴል እንዲገባ ለማገዝ የሚጨመረው ፖሊብሪን ነው። ሴሎቹ ፕሌቱን ሞልተው ሳለ መድኃኒት ከሰጡ ደግሞ ተቃራኒው ይገጥምዎታል፤ መቋቋሚያ የሌላቸውም ይተርፋሉ።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ 293ቲ ፕሌቱን አጥብቆ አይዝም። ሚዲያ ሲቀይሩ በቀጥታ ካፈሰሱበት ሕያዎቹም ተነቅለው ይሄዱና የሞቱ ይመስላሉ። ሞቅ ያለ ሚዲያ በዌሉ ግድግዳ ላይ ቀስ አድርገው ያውርዱ።

ፑሮማይሲንን በጂ418 (በሌላ አንቲባዮቲክ) ልተካው ብለው ቬክተሩን (የመቋቋሚያ ጂኑን የተሸከመውን ዲኤንኤ) እንዳይቀይሩ፤ 293ቲ ጂ418ንም የሚቋቋም የኒዮማይሲን መቋቋሚያ አስቀድሞ ስላለው ቫይረስ ያልገባባቸውን ለይቶ አይገድልልዎትም። መቀየር ካለብዎ ብላስቲሲዲን ይሻላል፤ እሱም ከኑክሊዮሳይድ ወገን ነው፣ ግን ከፑሮማይሲን ስለሚዘገይ ከሳምንት በላይ ትዕግሥት ይጠይቃል።