መልስ፦ ከዶልፊኖች ጋር ለመዋኘት ሳማዳይ ይሻልሻል

እህቴ፣ ግብፅ ማርሳ አለም ስትሄጂ ከዱር ዶልፊኖች ጋር የት መዋኘት እንደሚሻልና መንካት ይቻል እንደሆነ ጠይቀሻል። እኔ ሳማዳይን እመርጥልሻለሁ። የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለው የኮራል ሪፍ (ባሕር ውስጥ በኮራል የተገነባ ድንጋያማ ስፍራ) ነው። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በክልል ተከፋፍሏል፤ ውስጠኛው ክፍል ለዶልፊኖቹ ብቻ ስለተተወ ሰው አይገባበትም። ዋናተኛው ከመስመሩ ውጪ ሆኖ ይጠብቃል።

ደንቡ በደንብ ታስቦበት የወጣ ነው። የሳማዳይ ዶልፊኖች ስፒነር (እየተሽከረከሩ የሚዘሉ) የሚባሉት ናቸው፤ ሌሊቱን ሲያድኑ ያድሩና ቀን እዚያ ያርፋሉ። ሲተኙ ግማሽ አንጎላቸው ነቅቶ ያዋኛቸዋል። ተጠጋግተው፣ ቀስ ብለው፣ እኩል ብቅ እያሉ ሲተነፍሱ ካየሽ እያረፉ ነው ማለት ነው። በጀልባ መንገዳቸውን ለመዝጋት የሚሞክር አስጎብኚ ካጋጠመሽ እባክሽ እሺ እንዳትዪ። ሃዋይ ላይማ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ስፒነር ዶልፊኖችን ከ45 ሜትር ባነሰ ርቀት መጠጋት ተከልክሏል።

መንካትስ? በፍጹም። እጅሽን ሰብስበሽ ተንሳፈፊ፣ አታሳድጃቸው። ደስ ካላቸው ራሳቸው ይመጣሉ። ዋና ብዙም ካልቻልሽ ላይፍ ጃኬት አድርጊ። ከመክፈልሽ በፊት ደግሞ ጀልባው ስንት ሰው እንደሚጭን ጠይቂ።